የጉዞ ምክንያት፦ ዓሣ ለመብላት

ሰኞ፣ ጥር ፭። ጠዋት ፫ ሰዓት።
ጉልበቴን በቅቤ አሸሁ። ዛሬ ደህና ነው። የጉዞውን ዕቅድ ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጥኩ፤ ሁለተኛው ላይ ቀለም ፈሶበት ነበር። ከሆሳዕና አላባ፣ ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፤ ከዚያ በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት። አላባ ጥብስ፣ ሻሸመኔ እርጎ፣ ደሴቱ ላይ ዓሣ። መሪ የለንም፤ አያስፈልግምም።

ደብተር፣ ላንተ አልዋሽም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ቱሉ ጉዶ ድሮ እሳት የተፋ ተራራ ነው፣ ዛሬ በሐይቅ ተከቧል፣ ሰዎቹ ዓሣ አጥምደው ይኖራሉ እያልኩ ልጆቹን አስደግሜያለሁ። አላየሁትም። ዓሣውንም አልቀመስኩም። ሳላይ ያስተማርኩትን ሳላይ መሞት አልፈልግም። ጉልበቴ ደግሞ ከዘንድሮ ወዲያ የሚሸከመኝ አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ጥር ፰።
ታደለች መጣች። አብራኝ የምትሄደው እሷ ናት፤ በት/ቤታችን ወጥ ቤት ሃያ ዓመት ያበሰለች የሺንሺቾ ሴት። ለመንገድ ቆጮ ልያዝ አለች። ከለከልኳት። የሰው አገር ምግብ ልንበላ ወጥተን የቤታችንን እናኝካለን? አኩርፋ ሄደች። ትሂድ። ዕቅድ ዕቅድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፫።
ታደለችም መጣች፤ ቀበሌ ዋልን። ከአውራጃ መውጫ የይለፍ ወረቀት ያለ ምክንያት አይሰጥም። ሰው ሁሉ ለቅሶ አለብኝ ይላል፤ ማኅተሙ ወዲያው ይመታለታል። እኔ ዓሣ ለመብላት አልኩ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ በለጡ፣ ለቅሶ ይበሉና እንገላገል። ኋላ ምን ብለህ ፈረምክ የምባለው እኔ ነኝ።» የሞተብኝ የለም አልኩት። ታደለች ከኋላዬ፣ «ሻሸመኔ አንድ የማይረባ አጎት አለኝ፤ እሱን እንግደለው» አለች። ጸሐፊው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ነገ ተመለሱ ተባልን።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፬።
ፈረመ! እንዳልኩት ጻፈው፦ ዓሣ ለመብላት። ከጥር ፲፱ እስከ ጥር ፳፬። ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ አለን። እፎይ።
ሰኞ መንገድ፤ ማክሰኞ ደሴቱ ላይ ዓሣ፤ ረቡዕ መልስ። በጾም ዓሣ የሚበሉ አሉ፤ በአባቴ ቤት ግን አልተበላም። ስለዚህ ረቡዕንና ዓርብን በጥንቃቄ ዘለልኩ። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ዓርብ፣ ጥር ፲፮። ከሰዓት በኋላ።
ታደለች በክረምቱ መሠረተ ትምህርት ነው ማንበብ የቻለችው። አሁን ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የሳሙና መጠቅለያ አይቀራትም። ዛሬ የግድግዳዬን ቀን መቁጠሪያ ያዘች። ጣቷን እያስከተለች፣ «ጥር ዐሥራ ዘጠኝ… ጾ… ጾመ… ነ-ነ-ዌ። ይሄ ምንድን ነው?»
መነጽሬን አድርጌ አየሁት።
የነነዌ ጾም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። በየካቲት ስጠብቃት ዘንድሮ ቀድማ ጥር ገባች። እኔ፣ የቄስ ልጅ! ረቡዕንና ዓርብን ዘልዬ ነነዌ ላይ ወደቅኩ።
ታደለች ጴንጤ ናት፤ የኛን ጾም አትጾምም፤ ዮናስን ግን ታውቀዋለች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዮናስን ዓሣ ዋጠው፤ አንቺ ደግሞ በሱ ጾም ዓሣ ልትውጪ!»
ወረቀቱ በ፳፬ ያበቃል። ወዲያው ሁዳዴ ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ዝናብ። ከዝናቡ በኋላ ጉልበቴን እንጃ። ዕቅዱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፯። ጠዋት ፩ ሰዓት።
ፊቴን ስታጠብ ታየኝ። ነነዌ ረቡዕ ታበቃለች። ሐሙስ ፍስክ ነው! ማክሰኞ እንነሳለን፤ ረቡዕ አስተርእዮ ማርያምን ደሴቱ ላይ አከብራለሁ፤ ሐሙስ ዓሣ፣ ጥብሱም ወጡም በአንድ ቀን። ዓርብና ቅዳሜ መልስ። ወረቀቱ ይበቃናል። ተመስገን።
አንድ ነገር ቀረ። በመንገድ ምን እበላለሁ? የሆቴል ድስት አላምንም፤ ሥጋ ባማሰሉበት ሽሮ ያማስላሉ። ንጹሕ የጾም ምግብ ያላት ታደለች ናት። ቆጮ።

ያው ቀን፣ ፲ ሰዓት።
ሄጄ ለመንኳት። ይዛኝ ማዕድ ቤት ገባች። ሊጡ ካኮረፈችበት ቀን ጀምሮ ለመንገድ ተዘጋጅቶ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓሣውንስ ረቡዕ ለብቻሽ ትበያለሽ ወይ አልኳት። ሐሙስን እጠብቅሻለሁ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር ፳። አውቶቡስ ውስጥ።
ቦታ አገኘን፤ በመስኮት በኩል። ቆጮው ጭኔ ላይ ነው። ታደለች የይለፍ ወረቀቱን ለተሳፋሪው ሁሉ እያነበበች ነው። «የጉዞ ምክንያት፦ ዓሣ ለ-መ-ብ-ላት!» ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቅሶ የተሳፈረች ሴት ሳታስበው ሳቀች። ትኬት ቆራጩ ድገሚው አላት። ደገመችው። እኔም ሳቅኩ። ሞተሩ ተነሣ። አውቶቡሱ ይንጠኛል፤ የምጽፈው መስመር ጠመመ። ይጥመም።