የንባብ መምህርቷ የ«እትዬ ቶሎ» የሕይወት ታሪክ

ብዙዎቻችሁ «እትዬ ቶሎ» እያላችሁ የምትጠሯቸው መምህርት እህቴ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመስከረም ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን ትነግረን እንደነበረው፣ አዋላጇ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ነው የመጡት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሳቸውን አንድ ቦታ ያስቀመጠ ሰው አልተገኘም። እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ ይህን ስጽፍም ስንቴ ከወንበሬ ብድግ እንዳልኩ እኔ አውቃለሁ። የዘር ነው መሰለኝ።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርሱ እህቴ መልሱን ስለሚናገሩ፣ ብዙውን ጊዜ የሚማሩት ለቅጣት በር ላይ ቆመው ነበር። አባታችን «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያሉ ይመክሯቸዋል፤ ምክሩንም የሚሰሙት እየሄዱ ነው። በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆኑ። ክፍላቸው መስኮቱ ወደ ጋራዥ የሚከፈት፣ የመዶሻና የሞተር ድምፅ የማይለየው ነበር። ከጩኸቱ በላይ እየጮኹ ፊደልን ከነድምፁ፣ ከዚያም ድምፅን ከድምፅ አጋጥሞ ቃል ማንበብን አስተማሩ። ጠመኔ በእጃቸው፣ ጠመኔ በፀጉራቸው፣ አንዳንዴም በሻያቸው ውስጥ ይገኝ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ባይሆኑ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1975 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

ወንድ ልጃቸው በ1982 ዓ.ም. እናቱ ክፍል ገባ፤ ጎበዝ አንባቢ ተብሎም አለፈ። ሁለተኛ ክፍልንም እንዲሁ። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ መምህሩ ንባቡን ጠርጥረው ቤት ድረስ መጥተው፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይቶት የማያውቅ መጽሐፍ ከፈቱለት። ልጁ ገጹን ትቶ የእናቱን አፍ ያይ ጀመር። ለካ እህቴ፣ ልጅ ሊያነብ ሲል ከችኮላቸው የተነሣ ቃሉን አስቀድመው በከንፈራቸው ይሠሩት ኖሯል! የክፍላቸው ልጆች ከመጽሐፉ ይልቅ የእሳቸውን ከንፈር ሲያነቡ ነው የከረሙት። የራሳቸው ልጅማ፣ እናቱ ለትምህርት ሲዘጋጁና ታላቅ እህቱ ስታጠና እየሰማ፣ የመማሪያ መጽሐፎቹን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዷቸዋል።

ያን ሰሞን እህቴን ምግብም አልበላ አላቸው። «ስንቱን ልጅ አሳለፍኩ መሰለሽ! የራሴው እንኳ ባዶውን ቀረ!» እያሉ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ይመላለሱ ነበር። ነገሩን የቆረጡት ባለቤታቸው ናቸው። «እኔ ሞተሩ እስኪሞቅ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አንቺ ልጅ እስኪያስብ መጠበቅ ያቅትሻል?» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ አሠራራቸውን ከሥሩ ለወጡ። ልጅ ሲያነብ ከኋላው ይቀመጣሉ፤ መሐረባቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ቀብረው ይጠብቃሉ። ልጁ ፊደሉን በጣቱ ነክቶ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ከቀጣዩ ጋር እስኪያጋጥመው እሳቸው ቃል አይተነፍሱም። እግራቸው ግን ከወንበሩ ሥር አርፎ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መሐረቡን እያዩ በየጠዋቱ «ጥርስዎ ዛሬስ ተሻለዎት?» ይሏቸው ነበር። ቀድሞ ያሳለፏቸውን ልጆችም ከትምህርት በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ እንደ አዲስ አስነበቡ። የዳይሬክተርነት ሹመት ሲመጣላቸው «ቢሮ ተጎልቼ ልበስብስ?» ብለው መለሱት፤ በ2007 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንደኛ ክፍልን አልለቀቁም።

ልጃቸውም ማንበብ ቻለ፤ በሰው ፊት ማንበብ ግን ፈራ። ዛሬ አንቱ የተባለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ብቻውን ሲሆን የማሽኑን መመሪያ ሁሉ ያነባል፤ ሰው ብቅ ሲል እጥፍ ያደርገዋል። በእህቱ ሠርግ ላይ ወረቀት ይዞ ቆሞ ግሩም ንግግር አደረገ፤ እንግዳው ሁሉ አጨበጨበለት። እናቱ ግን ዓይኑ ከመስመር መስመር አለመሄዱን ከተቀመጡበት ሆነው አይተውታል። «ሸምድዶታል! ሸምድዶታል እኮ!» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ መቀመጫ አሳጡን። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። «ሰው ፊት ቆሞ ሲያነብ ሳልሰማ ከሞትኩ፣ ምኑን አስተማርኩ?» ይሉኝ ነበር። ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ሲያንገበግባቸው ኖሯል።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አደረባቸው። ሐኪሙ ዕረፍት ቢያዝም፣ ከአልጋቸው ወርደው በሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ማስታወቂያ የታመሙ ሕፃናትን ሲያስነብቡ ነርሷ ደጋግማ ይዛቸዋለች። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ጨብጠው እንዲህ አሉኝ፦ «የሕይወት ታሪኬን ልጄ ያንብበው። ቀድመሽ እንዳታሳዪው፣ አውቀዋለሁ፣ ይሸመድደዋል። ሲደናቀፍም ማንም ቃል እንዳያቀብለው።» በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

እኔም ቃላቸውን ጠብቄአለሁ። ይህ ወረቀት ከቅድም ጀምሮ በሁላችሁም እጅ ነው፤ አሁን የሚያነብላችሁ ልጃቸው ግን የተቀበለኝ እፊታችሁ ሲቆም ነው። ስለ ራሱ የጻፍኩትንም አሁን ከእናንተ ጋር ነው ያገኘው። ከተቆጣኝ ከቀብር በኋላ እንነጋገራለን። ቃል ሊያቀብለው አፉን የከፈተ ካለም፣ እባካችሁ ይዝጋው።

እህቴ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ነገረኛዋን ታናሽ እህታቸውን ትተውን ሄደዋል። ማረፍ ለማታውቀው ነፍሳቸው ፈጣሪ በደጉ ስፍራ ዕረፍትን ይስጣት፤ እኛንም ያጽናን።

አነበብከው፣ ልጄ። አሁን አልቅስ።