ግንበኛው ኤቢነዘር ሳልመን እና በአጥር ውስጥ የቀረው መቃብራቸው

ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጣችሁት መካከል ኤቢነዘር ሳልመን ለወገኑ መቃብር ያልገነቡለት ሰው ማን ነው? ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የዶቭ ጋሊን ቤቶች ከላይኛው መንገድ እስከ ታችኛው ምንጭ አንድ በአንድ ቆጥረን አንድም አላገኘንም። የመንደሩን ሙታን ሁሉ በወጉ ያሳረፉት ሰው ግን በገዛ እጃቸው ያዘጋጁት ማረፊያ ተቆልፎባቸው፣ ሣጥናቸው እዚህ ፊታችን ቁልፍ እየጠበቀ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የምናነበው ይህን ሳንሸፋፍን ነው።

አቶ ኤቢነዘር ሳልመን፣ መንደሩ በአክብሮት በሚጠራቸው ስም ማስ ኤቢ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሳይረስ ሳልመንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤግበርታ በጃማይካ፣ በሴንት ኤልሳቤጥ አውራጃ፣ በዶቭ ጋሊ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1938 ተወለዱ። እትብታቸው የተቀበረበት ስፍራ ስንል ለአባባል ያህል አይደለም። አያታቸው እትብቱን ከዳቦ ፍሬ ችግኝ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ዛፉ ዛሬም ቆሟል፤ ከአጥሩ ወዲያ።

መሬቱ የናና ፊቤ ነው። ናና ፊቤ የማስ ኤቢ ቅድመ አያት፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ልጅ ነበሩ። ካሳቫ ፍቀው፣ ቂጣ ጋግረው፣ በራሳቸው ተሸክመው ገበያ እያወጡ የገዙት ቀይ አፈር ነው። ሲሞቱም ቃላቸው አጭር ነበር፤ መሬቱ ከሆዴ ለወጣ ሁሉ ነው፣ የሄደ ይመለስበት፣ የቀረ ይጠብቀው፣ የሚሸጠው ግን አይኑር አሉ። ሦስት ትውልድ በዚህ ቃል ኖረ።

ማስ ኤቢ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1951 አባታቸው ሲሞቱ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በዶቭ ጋሊ ሰው ሲሞት ከኮረብታው ላይ የባሕር ዛጎል ይነፋል፤ ዛጎሉን የሰማ ሁሉ መቆፈሪያውን ይጥላል። እያንዳንዱ ቤት አንድ ጣሳ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ ኖራ፣ አቅም ያለውም ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ይገነባሉ፤ ሴቶቹ የዳቦ ፍሬ ይጠብሳሉ፣ የፍየል ጭንቅላት ሾርባ ይቀቅላሉ። መቃብር የደቦ ሥራ እንጂ የገበያ ሥራ አልነበረም። በአባታቸው መቃብር ላይ ልጁ ኤቢነዘር ማንም ሳያዛቸው ድንጋዩን በየመጠኑ ለይተው ሲደረድሩ ግንበኛው ማስ ካልቨርት አዩአቸው። በማግስቱ ቱንቢና ውሃ ልክ አስይዘው ሥራ አስጀመሯቸው።

በ1962 እና በ1963 ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ ፍሎሪዳ ሄደው ሁለት ወቅት ሠሩ። አብረዋቸው ከሄዱት ብዙዎቹ እዚያው ሲቀሩ እሳቸው ተመለሱ። ለምን እንደተመለሱ ለሚጠይቃቸው፣ አንድ የሠፈራቸው ልጅ እዚያ ሞቶ በማያውቁት ሰዎች እጅ፣ ዘፈን ሳይዘፈንለት ሲቀበር ማየታቸውን ይነግሩት ነበር። ከዚያ በኋላ ከአውራጃቸው አልወጡም።

የዱሮዋን ዶቭ ጋሊ የማያውቁ ወጣቶች ልቅሶ ሁሉ እንደዛሬው በጥቁር መነጽርና በድምፅ ማጉያ የሚሠራ ይመስላቸዋል። ያኔ በመቃብር ላይ ይሳቅ ነበር። የዲያቆን ባግናል መቃብር ሲገነባ የማስ ኤቢ የዕድሜ ልክ ጓደኛና የዶሚኖ ባላንጣ ኦስዋልድ ፓወል ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ "ኤቢ፣ ጠባብ አደረግከው እኮ። የዲያቆኑን ቦርጭ ውጭ ልታሳድረው ነው?" አላቸው።

"ቦርጩን ለአንተ አወርሰዋለሁ ኦሲ" አሉት፤ "ሲዘመር ከበሮ ያደርጉሃል።"

የዲያቆኑ ሚስት ሳትቀር አፏን በመቀነቷ ይዛ ሳቀች። ይህን የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም። ሰው ሐዘኑን ብቻውን የማይሸከምበት መንደር እንደነበረን፣ ያንንም መንደር ማንም እንዳልሰረቀን፣ ራሳችን ዝም እያልን እንዳፈረስነው እንድታውቁ ነው።

በጁን 1966 ልብስ ሰፊዋን ወይዘሮ ኢሲልዳ ፓርችመንትን፣ ሚስ ኢሲን፣ አግብተው ቬሮናን፣ ክላይቭን፣ ጆይስሊንንና ሮይን ወለዱ። ሮይን በ1979 በዘጠኝ ዓመቱ ጎርፍ ወደ መንደሩ ገደል ወሰደው። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ማስ ኤቢ ድንጋይ ጠርበው የግንበኛ ማንኪያቸውን ሲያነሱ ኦሲ እጃቸውን ያዘ።

"ማንኪያውን ስጠኝ። ይህ የአባት ሥራ አይደለም።"

"አንተ ስትሠራ ይንጋደዳል" አሉት። "ልጄ ተንጋዶ አይተኛም።"

ሠርተው ሲጨርሱ ውሃ ልኩን ከላይ አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በኋላም ዛጎል በተነፋ ቁጥር ማንኪያቸውን ይዘው ይወጡ ነበር።

በ2004 ሚስ ኢሲ ሲያርፉ በናና ፊቤ መሬት ላይ፣ ከልጃቸው ጎን፣ ባለሁለት ክፍል መቃብር ሠሩ። በቀኝ በኩል ሚስታቸውን አሳርፈው የግራውን ባዶ ትተው በአርማታ ክዳን ዘጉት። ሰው ለራሱ መቃብር ከሠራ ሞት ይሰማዋል ብለው ጎረቤቶች ሲያስፈራሯቸው፣ "ይስማ፤ አድራሻዬን ይወቅ" ብለው መለሱ። የግራው ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቃቸው ኖሯል። ዛሬ የምንከራከረው ስለዚያ ክፍል ነው።

አሁን ወደምንቆጣበት ነገር እንምጣ። ማስ ኤቢ በየዓመቱ ከተማ ወርደው የመሬቱን ግብር ይከፍሉ ነበር። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ስም ግን የናና ፊቤ ነበር። አንዲት ጸሐፊ፣ "አባባ፣ ለምን በስምዎ አያዞሩትም?" ስትላቸው፣ "ልጄ፣ የሞተ ሰው መሬት አይሸጥም። በሕያው ስም ያዞርነው ቀን ግን የሚሸጥ አይጠፋም" አሏት። እንግሊዝ ላሉት፣ ፓናማ ሄደው ለቀሩት፣ ገና ላልተወለዱትም ሲሉ ስማቸውን አላስገቡም። መሬቱ የእኔ አይደለም ሲሉ ያልሰማ ሰው በዚህ መንደር የለም። ይህ ንጹሕ ቃል ነው ገመድ ሆኖ አንገታቸው ላይ የገባው።

ዴንዚል ቼምበርስ የእኅታቸው የሜርሊን ልጅ ነው። እናቱ ወደ እንግሊዝ ስትሄድ ሕፃን ነበር፤ እስከ አሥራ አንድ ዓመቱ ያሳደጉት ማስ ኤቢና ሚስ ኢሲ ናቸው። በ2015 ጡረታ ወጥቶ ከእንግሊዝ ሲመለስ ማስ ኤቢ ወረቀት አላስፈረሙትም። ከማንጎው ዛፍ እስከ ትልቁ ድንጋይ በእጃቸው አሳይተው፣ "የናና ፊቤ ደም ነህ፣ ሥራ" አሉት። ባለ ፎቅ ቤቱን ሠራ። የዚህን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያም በአዲስ ቆርቆሮ አስለበሰ። ደግነቱን አንክድም፤ ጣሪያው አያፈስም። ከጣሪያው ሥር ግን አፉ የተለጎመ ሕዝብ ተቀምጧል።

በ2019 ማስ ኤቢ ከመሰላል ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ወጥተው በልጃቸው በቬሮና ቤት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዓመት በላይ ተኙ። በዚያን ጊዜ ዴንዚል መሬቱን በስሙ አስመዘገበ። ሕጉ መሬቱን ለረጅም ዘመን ማን እንደያዘው የሚመሰክር የነባር ጎረቤት መሐላ ይጠይቃል። የማለው ኦስዋልድ ፓወል ነው። ኤቢነዘር ሳልመን መሬቱ የእኔ ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም ብሎ ማለ፤ ሲጠበቅ ያየሁትም በዴንዚል ነው አለ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው። የመጀመሪያው ግን ቃል በቃል እውነት ነው፤ እኛንም የሚያንገበግበን ይኸው እውነት ነው።

ማስ ኤቢ በ2021 በከዘራ መራመድ ሲጀምሩ የእንጨት ቤታቸው ፈርሶ፣ የብሎኬት አጥርና የብረት በር ተተክሎ አገኙት። አጥሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥጉን አዩት። ዴንዚል ከውስጥ መጣ።

"አጎቴ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ። ምን ልርዳዎት?"

"ይህን ማን ነው የሠራው? ቱንቢ አልያዘም።"

"ግንበኛ ከከተማ አምጥቼ ነው። ይረዱኝ አጎቴ፣ ወረቀቱ የሞተ ሰው ስም ላይ ነበር። ሕግ የሞተ ሰው አያውቅም።"

"እኛ ግን እናውቃቸዋለን። ከኋላህ ተኝተዋል እኮ።"

ለአንድ ዓመት ያህል እሑድ እሑድ ገብተው የሚስታቸውንና የልጃቸውን መቃብር ኖራ እንዲቀቡ ፈቀደላቸው። ባለፈው ኦገስት ቁልፉን ቀየረ። በግቢው ለቱሪስት የሚከራዩ ቤቶች ሊሠራ ነው፤ እንግዳ ቁርሱን እየበላ መቃብር ማየት አይወድም ተባልን። ከዚያ በኋላ ማስ ኤቢ በቬሮና በረንዳ ተቀምጠው በመንገዱ ማዶ የመቃብሮቹን አናት ይመለከቱ ነበር። የሚታያቸው አናቱ ብቻ ነበር።

በኖቬምበር ደረታቸው ታመመ። ኦሲ ሊጠይቃቸው መጥቶ በር ላይ ቆመ።

"ኤቢ፣ እኔ ነኝ የማልኩት።"

"ሰምቻለሁ።"

"የእኔ ነው ብለህ አታውቅም እኮ። አንድ ቀን እንኳ ብትል ምን ነበረበት?"

"ብዬ ቢሆን ኖሮ ኦሲ፣ ሌባው እኔ እሆን ነበር። ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ። ደግሞ ዶሚኖውን ይዘህ ና፤ መማል እንጂ መጫወት እንደማትችል አውቃለሁ።"

ገብቶ ተቀመጠ። ሁለቱም አላለቀሱም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦስዋልድ ፓወል ሁለት ጊዜ ወደ መጋቢያችን ሄዶ በጉባኤ ፊት ልናዘዝ፣ መሐላዬንም ላንሳ ብሎ ጠየቀ። ለሰላም ሲባል ታገሥ ተባለ። መጋቢያችን ሆይ፣ የታሰረ ሬሳ ይዞ ስለ ሰላም መስበክ ከየትኛው ምዕራፍ እንደተገኘ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

አቶ ኤቢነዘር ሳልመን በሐኪሞችና በልጆቻቸው ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023፣ ማለዳ በሰማንያ አራት ዓመታቸው በቬሮና ቤት ዐረፉ። የመጨረሻ ትእዛዛቸው አንድ ነበር፤ ከኢሲ ጎን አስቀምጡኝ፣ ክዳኑን ስትመልሱ ኖራ አታሳንሱ አሉ። ዴንዚል የሕዝብ መቃብር ቦታ ገዝቼ ወጪውን ሁሉ እችላለሁ ብሎ ላከብን። አልተቀበልንም። ማስ ኤቢ ድሃ ሆነው አልሞቱም፤ ቤት አላቸው፣ የሠሩትም ራሳቸው ናቸው።

ልጆቻቸው ቬሮና፣ ክላይቭና ጆይስሊን፣ እኅታቸው ሜርሊን፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ሁለት የልጅ ልጅ ልጆች ከሐዘናቸው ጋር ቀርተዋል። የሁሉን መኝታ በልኩ ያበጀ አምላክ የአገልጋዩን ነፍስ ሳያንጓልል ይቀበላት፤ ከልጃቸውና ከሚስታቸውም ጋር ያገናኛቸው፤ ለእኛም ልብ ይስጠን።

በዚህ ፕሮግራም ቀጣዩ ተራ የዴንዚል ቼምበርስ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፣ መዝሙረ ዳዊት ላንብብላቸው ብሎ ስለጠየቀ ስሙን አስገብተናል። ዴንዚል፣ ተነሥና ወደ ፊት ና። መጽሐፉን ግን ገና አትክፈት። ከውጭ አካፋ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ እናትህ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጣለች፤ ከሣጥኑ ጋር ማንም ከዚህ አይንቀሳቀስም። የአንተን ቃል ከአንተ አፍ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት እንስማ፦ በሩን ዛሬ ትከፍታለህ ወይስ አትከፍትም?