ስለ መኪናህ ጭስ ማውጫ ብቻ

ለልጅ ልጄ፣ ለዚያ ጉረኛ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ጸጉርህስ? በላክኸው ፎቶ ላይ ግንባርህ እየሰፋ መምጣቱን አይቻለሁ፤ በእኔ እንደወጣህ ከእንግዲህ ማንም አይክድም። እጮኛህን ሰላም በልልኝ። ምን ነክቷት አንተን እንደመረጠች አልገባኝም ብል፣ አያትህ እኔንም የመረጠ ሰው እንደነበረ አስታወሰችኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ድሮው ይነጫነጫል። ስለ አያትህ አትጠይቀኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። ይህ ደብዳቤ ስለ መኪናህ ነው።

አደራ ብለኸኝ የሄድከውን ቀይ መኪና፣ ከክረምቱ በኋላ ለሠርጋችሁ ስትመጡ እጮኛህን የምታሳፍርበት ስለሆነ፣ ጋቢና ለሚቀመጥ ሰው ድምፁን ቀንስልኝ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ራሷን ያማታል አልክ። ያ መኪና እኮ ራስ ለሌለውም ራስ ምታት ይሰጣል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ጭስ ማውጫ ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ እጄ አይደለም።

በክሪክ አንስቼው ሥሩ ተጋደምኩ። ድምፁን የሚያፍነውን ማርሚታ ከነሆዱ አውጥተህ፣ ለጉራ ስትል ባዶ ቱቦ ገጥመህበታል። ይህን ልጅ ማነው ያሳደገው አልኩና፣ እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ሰፋ ያለ ማርሚታ ፈልጌ፣ ውስጡን እሳት በማይበላው ሱፍ ጠቅጥቄ በየድኩት። ቱቦውን የሚያንጠለጥሉት ጎማዎች ደርቀው ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይልኩት ነበር፤ ቀየርኳቸው። ከምንጣፉ ሥር ወፍራም ንጣፍ አስገባሁ።

የሚፈትንልኝ ተሳፋሪ ግን ያስፈልገኝ ነበር። ድምፅን የሚፈርደው ጎን የተቀመጠ ሰው ነው፤ ነጂ ለገዛ መኪናው ያደላል። አያትህ ሻሿን አስራ፣ ሙሽራ ጭነሃልና ቀስ ብለህ ንዳ ብላኝ ገባች።

ማርሚታውን እንደገጠምኩ፣ በሬ ጓዳ ውስጥ የተዘጋበት ይመስላል አለች። ጎማዎቹን ስቀይር፣ አሁን ያንተን ማንኮራፋት መሰለ፤ ከሱ ሸሽቼ ልጁ ክፍል ገብቼ ነበር፣ ከዚህስ ወዴት ልሽሽ አለችኝ። ንጣፉ ሲገባ መኪናው ጸጥ አለ።

ያኔ ነው ፉጨቱን የሰማሁት።

ቀጭን ነው፤ መጣ ይልና ይሄዳል። በሙያው የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ፉጨት ያውቀዋል፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ ጭስ እያመለጠ ነው ማለት ነው። መጋጠሚያውን የሚደፍነውን ጋስኬት ቀየርኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። የቱቦውን አፍ በጨርቅ ወትፌ፣ ሞተሩን አስነስቼ በየመጋጠሚያው መዳፌን አስጠጋሁ፤ ትንፍሽ የሚል የለም። ብቻዬን ስነዳው አያፏጭም። አያትህ ስትገባ፣ በተለይ ዘንቢሏን ተሸክማ ከገበያ ስትመለስ፣ ፉጨቱ አለ።

ወለሉን እየተጫንሽው ነው መጋጠሚያው የሚከፈተው፣ ወፍረሻል ማለት ነው አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ አሳላት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በእሷ ቦታ ክብደቷን የሚያህል አሸዋ በጆንያ ላስቀምጥ ብዬ ስንት ትመዝኛለሽ ብላት፣ ለሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርብም አለች። እንግዲያው ብዬ ብብቷን ይዤ ከመሬት አነሳኋት። አንተ ሽማግሌ፣ ወገብህን ትሰብራለህ፣ አውርደኝ አለችኝ። ወገቤ ምንም አላለኝም። ጓሮ ሄጄ የሞላሁትን ጆንያ ባነሳው ከበደኝ። አሸዋ ቀነስኩለት። አሁንም ከበደ። ቀነስኩ። እንደገና ቀነስኩ። ልክ እሷን ሲያህልልኝ አፉን ለማሰር ጎንበስ አልኩና፣ ገመዱን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ፤ የቀረው አሸዋ የጆንያውን ታች እንኳን በደንብ አይሞላም።

ጆንያውን ጋቢና አስቀምጬ፣ ቀበቶ አስሬለት ሰፈሩን ዞርኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ አዲሷ ሚስትህ ዝምተኛ ናት አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጆንያው አላፏጨም።

በማግስቱ አያትህን ይዤ ወጣሁ። ከዳገቱ ጫፍ፣ ውሃ ማማው አጠገብ ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ፉጨቱ አልጠፋም።

ዞሬ አላየኋትም። እሷም በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። በጋስኬቱ አትድከም አለችኝ። ጩኸቱ እኮ ደህና ነበር፣ ማን ጸጥ አድርገው አለህ አለች። ሬዲዮኗ ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለምን እንደሚጮህ፣ ታንኮራፋለህ ብላ ወደ አንተ ክፍል ለምን እንደተዛወረች፣ የገባኝ እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

ከዚያ አስማለችኝ። ስለ እኔ ለልጁ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ሠርጉ ይበላሻል አለች። ማልኩላት። እንደምታየውም ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከላይ ጀምረህ ብታነበው ስለ ጭስ ማውጫ ብቻ ነው።

ነጭ ካፖርት የለበሰ ሌላ መካኒክም ጋ ሄደን ነበር። ውስጡን በፎቶ አንስቶ አየው። እንደ እኔ ወሬኛ አይደለም። መለዋወጫ ይገኝለት እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሽበቴን አክብሮ ነው መሰለኝ ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰው። ልጃችን ከክረምቱ በኋላ ይመጣል ስለው ግን፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢመጣ ይሻላል አለኝ። ዝናብ ለመኪና ጥሩ ስላልሆነ ይሆናል።

ያንን ጯሂ ቱቦህን አልጣልኩትም፤ ከበሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። የምትመጣበትን ቀን ብቻ ላክልኝ። ለዚያች ቀን መልሼ ገጥሜው መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ አንተው ትነዳዋለህ። እጮኛህ ለአንድ ቀን ጆሮዋን በጥጥ ትድፈን። ድሮ ከሥራ ስትመለስ፣ አያትህ ገና ከመታጠፊያው ትሰማህና መጣ ጉረኛው ብላ በሩን ትከፍትልህ ነበር። አሁን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። የእሷ ወንበር መስኮቱ ሥር ነው።

ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ስለ ጆሮዋ እንዳልጽፍ አላስማለችኝም።

አምላክ መንገዱን ያሳጥርልህ፤ የምትወዳትን ልጅ ትንፋሽ የምትሰማበት ጸጥታ አያሳጣህ፤ የእኔን መላጣም ከአንተ ያዘግይልህ።

ስለ መኪና ብቻ የጻፈልህ፣
አያትህ