የኮሪያው ድራማ እንደገና ጣመኝ

ልጄ ሙስሊማ፣ አላህ ካሰብሽው ያድርስሽ፣ የባዕድ ልብም ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የቧንቧችን የዓይናለም ውሃ እንደልማዱ ይመጣል፣ ይጠፋል። አባትሽም ለስኳሩ ዓይደር ሆስፒታል ይመላለሳል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የኮሪያ ድራማው ሰልችቶኝ ነበር። ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ የሚያነብልኝ ጠፍቶ፣ አፍ አፋቸውን እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ሩፋይዳ ከአስር ሶላት በኋላ እየመጣች፣ አንቺ ቦታ ተቀምጣ ትተረጉምልኛለች። የነስረዲን ሚስት ናት። አዎ፣ ጠብቀኝ ብለሽው የሄድሽው ነስረዲን። ከረመዳን በፊት አገባ፤ የሠርጉን ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለካ አንቺ የድራማው እናቶች ልጆቻቸውን ሲረግሙ «ናፍቃት ነው» እያልሽ ታለሳልሺልኝ ነበር። ሩፋይዳ እርግማኑን ሳታስቀር ነው የምትነግረኝ። እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር።

ጓለይ፣ ልጄ፣ አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ሪዝቅሽን ያስፋልሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ከአስር ሶላት በኋላ አትደውዪ። ባለፈው አንቺ ስልክ ላይ አልቅሰሽ እስክትጨርሺ መብራት ሄደና የድራማውን መጨረሻ ሳናየው ቀረን።

እናትሽ