ለደልጊ ያልተነሣችው ሞተር ጀልባ

ለተከበሩ ጓድ ክንዱ አዘዘ
የሐይቅ ወደቦች ሬዲዮ መልእክት ጣቢያ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? ዕድሜዎ እንዲረዝም ከልቤ እመኛለሁ፤ የሠሩትን ለማስታወስ ብዙ ዓመት ያስፈልግዎታልና።

እኔ አስናቀ ገብረ መስቀል እባላለሁ። በጣቢያዎ ሬዲዮ ፊት ተቀምጬ የደልጊን፣ የጎርጎራንና የቁንዝላን መልእክት ስቀበል ዘጠኝ ዓመት የኖርሁ፣ እርስዎም ባለፈው ሳምንት ያሰናበቱኝ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በወደቡ መጋዘን በር ላይ የለጠፍሁት በቢሮ በኩል ቢመጣ ሌላ ሰው እንደማያነበው ስለማውቅ ነውና ስለ ድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አስቀድሜ ላመሰግንዎ። በጥቅምት 1974 ዓ.ም. ተሹመው ሲመጡ ጣቢያችን ሥርዓት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ከየትኛውም ወደብ ማንም ቢጠራን እንሰማለን፤ የሰማነውን ለሚመለከተው እናደርሳለን፤ ተቀባዩን ካጣነው እስኪገኝ እንጠብቃለን። እርስዎ ግን ሁለት ቀን በርዎን ዘግተው የጣቢያውን መሠረታዊ አሠራር እንደ አዲስ ደነገጉልን፦

፩ኛ. በስም ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ሰው የላከው መልእክት እንደ መልእክት አይቆጠርም።

፪ኛ. ያልተፈቀደለት ሰው ሦስት ጊዜ ከጠራ የዚያ ወደብ መሥመር እስከ ማግስቱ ይዘጋል።

፫ኛ. እንዲህ ያለው መልእክት ሁሉ ለላኪው ሳይነገር በኃላፊው መሳቢያ ይቀመጣል።

ዝርዝሩን የገለበጡት ከአሮጌ የሠራተኞች መዝገብ ስለነበር ከደልጊ ጤና ጣቢያ መልእክት እንዲልክ የተፈቀደለት ሰው ወደ ሌላ አውራጃ ከተዛወረ ዓመት ያለፈው ድሬሰር ነበር። በእሱ ቦታ የምትሠራው ፅጌ ማርያም አልተጻፈችም። ይህን ባመለክትዎ «ቅጽ ትሙላ» አሉኝ። ቅጹ ግን እስከ መጋቢት ድረስ ወደ ደልጊ አልተላከም።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፅጌ ማርያም ጠራችን። «ዘይነት የምትባል ወላድ ናት፤ ደሙ አልቆም አላት፤ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሞተር ላኩልን» አለች። ዘይነት የባሕር ዳሩ ጨርቅ ነጋዴ የሙሀመድአወል ሚስት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደልጊ እናቷ ቤት ሄዳ ነው። ቃሉን በወረቀት ይዤ ወደ ቢሮዎ ሮጥሁ። ሞተር ጀልባዋ ከመስኮትዎ ሥር ነዳጅ ሞልታ ታስራለች፤ ቅዳሜ ገዳማቱን ለሚጎበኙ እንግዶች ባንዲራ እየተሰቀለባት ነበር።

«ይቺ ጠሪ ዝርዝሩ ላይ አለች?» አሉኝ።

«የለችም ጓድ፤ ግን ሰው እየሞተ ነው» አልሁዎ።

«እንግዲያው መልእክት አልመጣም። ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉኝ። ድምፅዎን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ ስለዚህ ጨዋነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግማ ጠራች። ሰባት ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠራ ከኋላዋ ሌላ ሴት ውኃ ስትለምን ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በደንብዎ መሠረት የደልጊ መሥመር ተዘጋ። ቁልፉን ያዞርሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ቢሮዎ ነበሩ፣ እጄን ይዞ ያስገደደኝ ሰው አልነበረም፤ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ አዞርሁት። ስለዚህ ለእርስዎ ከማቀርበው ምስጋና እኩሌታው የራሴ ድርሻ ነው፤ እሱንም ለማንም አልሰጥም።

ዓርብ ጠዋት መሥመሩን ስከፍት ፅጌ ማርያም እየጠበቀችኝ ነበር። «ሞተሩ ይቅር» አለች። ይህንንም ከሐሙሱ ሦስት ጥሪ ሥር በወረቀቱ ላይ ጻፍሁት።

በደንብዎ ይህም መልእክት አልነበረም። እኔ ግን ወረቀቱን በኪሴ ከትቼ ወደ ገበያ ወጣሁ። ሙሀመድአወል ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ደረስሁ። የጣቢያ ሰው መሆኔን ያውቃልና ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ሜትሩን አስቀመጠና «ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

ጓድ ክንዱ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በደንብዎ ውስጥ አልጻፉልንም። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ሰውየውም አንብቦ ተረዳው፤ ጨርቁን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ቅዳሜ እንግዶችዎ በሰዓታቸው ተነሡ። ባንዲራዎቹ ያምሩ ነበር።

ሙሀመድአወል ከሐዘን እንደተነሣ ቢሮዎ መጥቶ «ሦስት ጊዜ ተጠርታችሁ እንዴት አልሰማችሁም?» ቢልዎ፣ «ሰምተናል፤ የጠራችው ሴት አልተፈቀደላትም» አሉት። ለወደፊቱ እንዳይቸገርም ቤተሰቡን የሚያስመዘግብበት ባዶ ቅጽ ሰጡት። የትኛውን ቤተሰቡን እንደሆነ አልነገሩትም። እሱም ቅጹን አጥፎ ጠረጴዛዎ ላይ መለሰና ሳይሰናበትዎ ወጣ። በዚያው ቀን እኔን «ያልመጣ መልእክት ለውጭ ሰው አሳልፎ በመስጠት» ከሥራ አሰናበቱኝ። ያልመጣ ነገር እንዴት ተላልፎ እንደሚሰጥ ለመረዳት ትምህርቴ ስላልበቃ ክሱን ሳልከራከር ተቀብያለሁ።

የጣቢያዎ ጸጥታ በማንም ጩኸት እንዳይደፈርስ፣ ሹመትዎም ከፍ እያለ እንዲሄድ እየተመኘሁ፣ ትእዛዝዎን አንድ ጊዜ አብዝቼ የፈጸምሁ የቀድሞ ታዛዥዎ፣

አስናቀ ገብረ መስቀል
ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.

ሳልነግርዎ እንዳይቀር፦ ፅጌ ማርያም የዘይነትንና የሕፃኑን የሞት ማስረጃ በታንኳ ልካልኛለች። ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን በንጹሕ ጽሕፈት ሞልታ፣ «የሞት ምክንያት» የሚለውን ግን ከእሷ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት ባዶውን ትታልዎታለች። ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ። ወደቡ ላይ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ነውና እባክዎ ጎላ አድርገው ይጻፉት።