መቅኒ ወተት አለመሆኑ እንዲነገርልን

ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለጤና ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቱ

ጉዳዩ፦ መቅኒ መስጠት ወንድም እንደማያደርግ ለሽማግሌዎች እንዲብራራልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ባለሙያዎ ሰፈራችን ሊያስተምሩ መጥተው የተቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር እግሩ መሰበሩን በጥልቅ ሐዘን አሳውቃለሁ። ስለ መጸዳጃ ቤት አስተምረው ሲጨርሱ ስለ መቅኒ ጠየቅናቸው፤ ወንበሩ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ተነሥተው ሄዱ።

1. እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ልጄ መርዋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። መቅኒዋ ደም መሥራት አቁሟል፤ ያለችው ሰው በሚለግሳት ደም ነው። ሐኪሞች ከጤነኛ ሰው መቅኒ ስቴም ሴል የሚሉት የደም ዘር ተወስዶ ቢሰጣት ልትድን ትችላለች፣ ግን አይዘግይ ብለውናል። ከቤተሰቡ ተመርምሮ የገጠመላት የአክስቷ ልጅ አብዱልመሊክ ብቻ ነው።

2. አብዱልመሊክ የታላቅ እህቷ የሰሚራ እጮኛ ነው። መከራው ከዚህ ይጀምራል። ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ስለሚሆኑ አይጋቡም። ጃርሳ ቢያ፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ማለቴ ነው፣ ተቀምጠው «ወተት ካዛመደ መቅኒማ እንዴት አያዛምድ፤ ለመርዋ ወንድም ከሆነ ለሰሚራም ወንድም ሆነ ማለት ነው» አሉ። እንግዲያው መጀመሪያ ይጋቡ፣ ከዚያ ይስጥ ተባለ። የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል ደግሞ አንዱ ሽማግሌ፣ በሰጠ ማግስት ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ይፈርሳል ብለው አስታወሱ። እንደገና ተቀመጡ። የእነሱ ወንበር አይሰበርም።

3. ሰብሳቢያቸው ሐጂ ሰፍዋን ከጎሬ የሚመጣላቸውን «ስቴም ሴል» የተባለ ዱቄት ለጉልበታቸው በየጠዋቱ በወተት በጥብጠው ይጠጣሉ። ከማን እንደተወሰደ፣ ከማንስ ጋር እንደሚያዛምዳቸው ጠይቀው አያውቁም። ለጉልበት ሲሆን ሳይንስ፣ ለልጄ ሲሆን ዝምድና ሆነ።

4. አብዱልመሊክ ልስጥ ባለ ቁጥር እናቱ ሠርጉ ሊቀር ነው ብላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መርዋ ግን የሚደማ አፍንጫዋን በፎጣ ይዛ፣ «አባዬ፣ ወንድም ቢሆነኝ ምን ክፋት አለው?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እስካሁን ስላልወሰኑ፣ ጉዳዩን በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያስረዳ ባለሙያ በአስቸኳይ እንዲላክልን በትሕትና እለምናለሁ። ወንበር ከእኔ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣
ታጁዲን ሻሚ
(ፊርማ)

ማረሚያ (ኅዳር 19 ቀን)፦ ከላይ ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልወሰኑም የተባለው ታርሟል። ዛሬ ከመርዋ ቀብር መልስ ተቀምጠው፣ መቅኒ ወተት አይደለም ሲሉ በሙሉ ድምፅ ወስነዋል።