የዴንቨሩ ቧንቧ

ታኅሣሥ 11 ቀን 1978፣ ሎስ አንጀለስ
ሠናይት ቤት ገባሁ። ልጄ በታኅሣሥ እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳ ተቀበለችኝ። ፌርፋክስ ወርደን ምስር ገዛን፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዴንቨር ትናንት በረዶው ጉልበቴ ድረስ ነበር። የልጄን የመኩሪያን ቤት ብቻውን ትቼ መምጣቴ… ደግ አደረግሁ?

ታኅሣሥ 12
ሠናይት ከፓርኪንግ ሥራዋ ስትመለስ ጠየቀችኝ። የኩሽናውን ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ነው የተውሽው? አዎ አልኳት።
ዋሸሁ። ከፍቼው ነበር። የመኩሪያ ጓደኛ ዘለቀ ኤርፖርት ሊያደርሰኝ ታክሲው ውስጥ ሲጠብቀኝ ተመልሼ ዘጋሁት። ቦኖ ላይ ተሰልፎ ያደገ ሰው ውሃ በከንቱ ሲፈስ ትቶ ይሄዳል? እጄ እሺ አላለኝም። ማሞቂያውንም አጠፋሁት፣ ለማን ይንደድ ብዬ።
አምና በብርዱ መኩሪያ ይከፍታል። "እማዬ፣ ውሃው ከቆመ ይቀዘቅዛል፣ ቧንቧው ይፈነዳል።" ዞር ሲል እዘጋለሁ። ደግሞ ይከፍታል…

ታኅሣሥ 13
ቴሌቪዥኑ ዴንቨር ከዜሮ በታች ሆኗል አለ። ከኩሽናው ሥር ምድር ቤት አለ፤ ቧንቧው ቢፈነዳ ውሃው እዚያ ይወርዳል። መኩሪያ ካረፈ ወዲህ ልብሶቹ እዚያ ናቸው፣ ሳይታጠቡ። ስምንት ወር። የጎረቤት መጋረጃ ሳይቀር የማጥብ ሴት! ግን ውሃ ከነካቸው የልጄ ጠረን ይሄዳል።
ለሠናይት ተናዘዝኩ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስልኩን አቀበለችኝ። ቁልፉ ያለው ዘለቀ ጋ ነው። ማሞቂያውን አብራ፣ ቧንቧውን በቀጭኑ ክፈት አልኩት። ኦኬ አለ።

ታኅሣሥ 14
ዘለቀ ደወለ። ቧንቧው ደህና ነው፣ ተመስገን። እሱ ግን ውሃው አሳዝኖት ባልዲ ደቅኖበታል። ባልዲው ሞላ፣ ድስቶቹ ሞሉ፣ መታጠቢያ ገንዳውም እየሞላ ነው።
"እትዬ ሸዋረጋ፣ የት ላድርገው?"
ድፋው አልኩት። እኔ! ሌላ ዕቃ ፍለጋ ሲያንኳኳ ተሰማኝ። የሱም እጅ እሺ እንዳላለው ገባኝ።

ታኅሣሥ 15
ስልክ የለም። ገንዳው እንዴት ሆኖ ይሆን?

ታኅሣሥ 17
ዘለቀ ደወለ። ደስ ብሎታል፣ ከድምፁ ያስታውቃል። ለውሃው ሥራ አግኝቶለታል።
"ምድር ቤት ያገኘሁትን ልብስ ሁሉ አጠብኩልዎ። ሲመጡ እንዳይደክሙ ብዬ።"
ልቆጣው ነበር፤ ግን ውሃ አታባክኑ ብለን ያሳደግናቸው እኛው…
ቆየት ብሎ፣ አንድ ሹራብ ብቻ ቀርቷል አለ። ሱፍ ስለሆነ ይኮማተራል ብሎ ፈርቶ።
እሱን እንዳትነካው አልኩት። አንድ ይበቃኛል። ሌላውን ቤተ ክርስቲያን ውሰደው፣ አዲስ ለሚመጡት ስደተኞች ይሁን። የመኩሪያን ካፖርት ግን አንተ ልበሰው።

"እሱንማ ቤቱ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ለብሼዋለሁ፣ እትዬ። ይበርዳል እኮ።"
ሠናይት ሳቄን ሰምታ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። የማለቅስ መስሏት።